ከጅማ እስከ ጋምቤላ በገንፎ ሲለካ

ከጅማ ጋምቤላ በአውሮፕላን ቢበዛ አርባ ደቂቃ ነው። ቀበቶ ታስራለህ፣ ውሃ ይሰጡሃል፣ ውሃውን ጠጥተህ ሳትጨርስ «ልናርፍ ነው» ይሉሃል፣ በቃ። በመኪና ከሆነ ግን በደሌን አልፈህ፣ መቱን አልፈህ፣ ከጎሬ በኋላ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደህ፣ ወገብህ ተቆርጦ ነው የምትገባው፤ ብዙ ሰው መንገድ ላይ ያድራል። ይህን ልዩነት ከእኔ የበለጠ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር። እኔ ሚስት የጠየቅሁት በዚህ ልዩነት ነው።

ጋምቤላ ተወልጄ ጋምቤላ ያደግሁ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ከደጋ መጥቶ መሃል ከተማ የከፈታት ሱቅ ውስጥ ዛሬ እኔ እሠራለሁ፤ አምፖል፣ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቬንትሌተር እሸጣለሁ። እናትና አባቴ ካለፉ ጀምሮ አብራኝ የምትኖረው ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ልጅቷ ደግሞ የጅማ ልጅ ናት፤ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ በነርስነት ተቀጥራ እንደመጣች ሰሞን ከእኔ ቬንትሌተር ገዛች። በሦስተኛው ቀን «አይሠራም» ብላ ይዛው ተመለሰች። ሰካሁት፤ እንደ ጉድ ይሽከረከራል።

«እኔ ቤት አልሠራም» አለች።

«እህቴ፣ ሰሞኑን ሰፈርሽ መብራት አለ እንዴ?» አልኳት።

«ታዲያ መብራት ሲጠፋ የማይሠራ ዕቃ ለምን ትሸጣለህ?» ብላ አፈጠጠችብኝ።

ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው አይቼ አላውቅም እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ። በሳምንቱ ሳትመጣ ስትቀር ደግሞ ሱቁ ጭር አለብኝ። የቀረውን ለራሴ ልተወው፤ ብቻ ከዓመት በኋላ ውሏ አልቆ ወደ ጅማ ስትመለስ ሁለታችን ተነጋግረን ጨርሰን ነበር። «የቀረው እናቴን ማስፈቀድ ነው» አለችኝ፣ ገበያ ሄዶ ሽንኩርት መግዛት ነው የቀረው እንደሚል ሰው ቀለል አድርጋ።

አክስቴ ሽማግሌ መረጠች። ሁለቱ ከመስጊዳችን ናቸው። ሦስተኛው ጎረቤታችን ናቸው፤ አኝዋ፣ ፕሮቴስታንት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ከተማው ሁሉ «ቲቸር» የሚላቸው ሰው። «ሽምግልና ውስጥ አንድ ውሸት የማያውቅ ሰው ካልገባበት አያምርም» አለች አክስቴ። ሁለቱ የመስጊድ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ፤ ግን ሄዱ።

ጅማ የሆነውን አንድም ሳያስቀሩ የነገሩኝ ቲቸር ናቸው። የልጅቷ እናት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት ሴት ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉ፣ አበሉ፣ አጠጡ። ሽማግሌዎቹ ስግደቴን፣ ጨዋነቴን፣ ሱቄን፣ ቤቴን ሲዘረዝሩ ጣልቃ ሳይገቡ ሰሙ። ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ከእኔ ቤት እሱ ቤት ስንት ሰዓት ነው?»

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። ትልቋን ልጃቸውን ሩቅ አገር ድረው ነበር። እሷ ስትወልድ ጊዜው ክረምት ሆነና መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ፣ እናት የደረሱት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ሲገቡ አራሷ ልጃቸው ጎረቤት ያገነፋላትን የጓጎለ ገንፎ፣ ያውም በርዶ፣ እየቆረሰች ስትበላ አገኟት። ልጅቷ ደህና ናት፤ ሕፃኑም ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቶ እናቱን ያስቸግራል። እሳቸው ግን ያችን ሳህን አልረሷትም። «ሁለተኛዋን ገንፎዬ ትኩሱን ወደማይደርስበት አገር አልድርም ብዬ ምያለሁ» አሉ።

ቲቸር ደስ አላቸው። መልሱን የሚያውቁት ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይላቸዋል። «በአውሮፕላን አርባ ደቂቃ» አሉ።

«አርባ ደቂቃ? እኔ እኮ ገበያ ደርሼ ስመለስ ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል!»

«እሜቴ፣ ግማሹ ዘመዴ ያለው ደቡብ ሱዳን ነው። እነሱ ጋ ለመድረስ በእግር ሦስት ቀን ነው፤ እሱም እግር ደህና ከሆነ። አርባ ደቂቃ ሩቅ አይባልም። አርባ ደቂቃ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው።»

እናትየው ግን በወሬ የሚበገሩ ሴት አይደሉም። «እንግዲያው ራሴ እለካዋለሁ» አሉ። ገንፎ አገንፍተው፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤና በርበሬውን አፍስሰውበት፣ ድስቱን ከድነው በአውሮፕላን ይመጣሉ። እኔ ቤት ሲከፈት ቅቤው ሳይረጋ ከደረሰ ልጅቷ የእኔ ናት። ከረጋ ገንፎውን አብረን በልተን በሰላም እንለያያለን። ለምን በቅቤው? «ገንፎ ያታልላል፤ ላዩ በርዶ ውስጡ ያቃጥላል። ቅቤ ግን ትንሽ ሲበርደው ጠርዙ ነጣ ይልና ይጋገራል» ብለው ለቲቸር አስረዷቸው። ቲቸር ይህንን ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጽፈው ነው ያመጡልኝ።

መጀመሪያ ስሰማ ሳቅኩ። የወደፊት አማት ድስት ታቅፋ የአማቿን ቤት ርቀት ልትለካ መጣች ሲባል የት ተሰምቶ ያውቃል? ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። አርባ ደቂቃው እኮ የአየሩ ብቻ ነው። ከቤታቸው እስከ ጅማ ኤርፖርት መንገድ አለ፣ ፍተሻ አለ፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለ። የእኛም ኤርፖርት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩና ከኤርፖርት እስከ በራችን በሰዓት ለካሁ፤ አንዴ ከብት መንገድ ዘግቶብን፣ አንዴ ሳይዘጋብን። ባለባጃጁ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለስ ስለው «ጤነኛ ነህ?» አለኝ።

«ላገባ ነው» አልኩት።

«እንደዚያ በለኛ» ብሎ አዞረው።

ደምሬ ደምሬ ሦስት ሰዓት አካባቢ መጣልኝ። አክስቴ ጉዳዩን አሰበችበትና «በጋቢ ከተጠቀለለ ሦስት ሰዓት ይቋቋማል» ብላ ፈረደች። በዚያ ተጽናናሁ። እሷም ግድግዳ ታስጠርጋለች፣ መጋረጃ ታሳጥባለች፣ እኔን «ፀጉርህን ተቆረጥ» ትለኛለች። ተቆርጬ ስመጣ «አሁን ደግሞ ጆሮህ ወጣ» አለች።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልጅቷ ደወለች። «ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ አገነፋች፤ ይኸው ወጥታለች። ድስቱን በጋቢ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች» አለችኝ፣ ሳቅ እያፈናት። ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና ደወለች፤ አሁን ሳቅ የለም።

«ጉም ነው» አለችኝ።

«ምን ያህል ጉም?»

«የግቢያችን አቮካዶ አይታየኝም።»

ከአዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላን ጅማ ላይ ዞሮ ዞሮ መሬቱ አልታይ ቢለው ተመልሶ ሄደ። ሰማዩ ሲጠራ ይመጣል ተባለ። እኔ ተቀምጦ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ «በቃ እናትሽ ወደ ቤት ይመለሱና ሌላ ቀን ትኩስ ያገንፉ! ማን ይከለክላቸዋል?» ብዬ ጮህኩባት።

«ብያት ነበር። ‹አንቺ ምጥ ሲይዝሽ ጉሙን ሌላ ቀን ና ልለው ነው?› አለችኝ። ድስቱ ሳይከፈት እህል አልቀምስም ብላም ቁርስ ሳትበላ ኤርፖርት ቁጭ ብላለች።»

እዚህ ላይ ሴትዮዋ አሸነፉኝ። ተናድጄ ነበር፤ ግን ምን ይባላል? ልክ ናቸው።

ቲቸር ሱቅ መጥተው በርጩማ ስበው ተቀመጡ። አርባ ደቂቃ ያሉት እሳቸው ስለሆኑ ጥፋቱ የራሳቸው መስሏቸዋል። «ስለ ጉም አልጠየቁኝም» ይላሉ በየመሃሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ። አምፖል ሊገዛ ለመጣ ሰው ገመድ ሸጬለት ኖሮ ትንሽ ሄዶ ተመለሰ። ይቅርታ ጠይቄ ባትሪ ሰጠሁት። ቲቸር ተነሥተው በገዛ እጃቸው አምፖሉን አውርደው ሰጡልኝና «ይህ ሰው ዛሬ ደህና አይደለም» ብለው ሰውየውን ሸኙት።

ሰባት ሰዓት አልፎ ልጅቷ ደወለች። ተነሥተዋል። ቅቤውስ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«አላስከፍት ብላለች። ግን እስካሁን ረግቶ ድንጋይ ሆኗል፤ ጅማ እኮ ዛሬ ብርድ ነው» አለች። ቀጥላም «ብቻ ደህና አድርገህ ተቀበላት፤ እሺ?» አለችኝ። ያቺ ለቬንትሌተር ስትጮህብኝ የነበረች ልጅ ድምፅዋ እንደሚሰናበት ሰው ሆነብኝ። ቲቸር ፊቴን እንዳያዩ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ።

ኤርፖርት ስደርስ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ነው። ከተሳፋሪው መሃል እሳቸውን ለመለየት አልተቸገርኩም፤ ጋቢ የታቀፉ ሌላ ሰው አልነበረም። ደረጃው መሃል ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ሙቀቱ ፊታቸውን ሲመታቸው ነው። መጥተው ሲቆሙ «አሰላሙ አለይኩም፣ እናቴ» ብዬ ድስቱን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ወአለይኩም ሰላም። እጅህን ሰብስብ፤ መለኪያ አይነካም» አሉኝ። ቀጥለው ሰማዩን ቀና ብለው አዩና «ይህን አገር ማን ነው እሳት ላይ የጣደው?» አሉ።

ባጃጅ ውስጥ ሆነን፣ ጅማ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ የሆነውን ነገሩኝ። ፈታሹ ምንድነው ብሏቸው ገንፎ ነው አሉት። ለማን ነው ሲላቸው «ለማንም አይደለም፤ መንገድ ልለካበት ነው» አሉት። ፈታሹ ግራ ገብቶት አለቃውን ጠራ። አለቃው ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቶ «እናቴ፣ ይለፉ፤ ሲመለሱ ግን ውጤቱን ይነግሩናል» አላቸው። ከዚያ በፊት አውሮፕላን ላይ ወጥተው አያውቁም። ፈርተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ድስት ስጠብቅ ለፍርሃት መቼ ጊዜ አገኘሁ?» አሉ።

ፀሐዩ በባጃጁ ጎን እየገባ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ድስት ይጠብሰዋል። እኔ ግን የማየው ፊታቸውን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ፣ የደከመ፣ ቢሆንም ቀልድ የማያጣ ፊት ነው። ቁርጥ ልጃቸውን ይመስላሉ። ልጅቷን ብቻ ሳይሆን እኚህን ሴትም ላጣ እንደሆነ ያኔ ገባኝና አዘንኩ።

ቤት ስንደርስ አክስቴና ቲቸር በር ላይ ቆመዋል። ቲቸር ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ሰላምታው አልቆ ተቀመጥን፤ ድስቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እናትየው ጋቢውን ቀስ አድርገው ፈቱት። የፈተናውን ውጤት አስቀድሞ እንደሚያውቅ ተማሪ ተስፋ ቆርጠዋል። «ቢስሚላህ» ብለው ክዳኑን አነሡት።

ቅቤው ፈሳሽ ነው! ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ድስቱን ሲነኩት ወዲያ ወዲህ የሚል ፈሳሽ።

«ያ አላህ!» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ጎህ ሳይቀድ ያገነፋሁት! ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት የዋለ! አልረጋም!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኔ በጉሙ ሳማርር ስውል እሱ ቅቤዬን ጠበቀልኝ። ይህ የአላህ ምልክት ነው። ወስዳችኋታል፤ ልጄን ወስዳችኋታል!»

አክስቴ እልልታውን አቀለጠችው። እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ። ጋምቤላ ቅቤ የት ይረጋል? እኛ ቤት ቅቤ የሚቀመጠው በጠርሙስ ነው፤ እንደ ዘይት እየተንቆረቆረ ነው ወጥ ውስጥ የሚገባው። የረጋ ቅቤ የማየው ደጋ ስወጣ ብቻ ነው። ይህም ቅቤ ጅማ ላይ ረግቶ፣ ባጃጁ ውስጥ ቀልጦ ነው የገባው። ያን ሁሉ ቀን በሰዓት ስንለካና ስንደምር ለአንዳችንም ትዝ አላለንም፤ አብሮን ያደገ ነገር ስለሆነ አናስበውም። አሁን ግን ለሁላችንም በአንድ ጊዜ ታየን። ቲቸር ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ውሸት የማያውቁት ቲቸር! አክስቴ ደግሞ እልልታዋን ሳታቋርጥ በዓይኗ «ዋ! ትንፍሽ ብትል!» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያሰብኩት አፌን ልዝጋ ብዬ ነው። ሁለተኛም ያሰብኩት እሱኑ ነው። ምን አጠፋሁ? ቅቤው ፈሳሽ ሆኖ ተገኝቷል፤ ውሉም ይኸው ነው። ግን ሴትዮዋ የአላህ ምልክት ነው አሉ። የባጃጅ ፀሐይ የሠራውን ሥራ በአላህ ስም መቀበል አስፈራኝ። ደግሞ ልጃቸው አንድ ቀን እኛ ቤት አራስ ሆና፣ እሳቸው የዛሬውን አምነው ጅማ ላይ ገንፎ ጠቅልለው ጉም እስኪገልጥ ሲጠብቁ ታዩኝ። አላስቻለኝም።

«እናቴ» አልኩ። አክስቴ እግሬን ረገጠችኝ። «እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቅቤው ረግቶ ነበር። እዚህ ደርሶ ነው የቀለጠው።»

«ምን አልክ?»

ጓዳ ገብቼ የአክስቴን የቅቤ ጠርሙስ አምጥቼ ሰጠኋቸው። አዘነበሉት። ቅቤው ከወዲህ ወዲያ ተንሸራተተ። ከፍተው አሸተቱት። «ዛሬ ነው የነጠረው?» ብለው አክስቴን ጠየቋት።

«ከአሥር ቀን በፊት» አለች አክስቴ፣ በቀጭን ድምፅ።

ጠርሙሱን አስቀምጠው ጣታቸውን ገንፎው ውስጥ እስከ ሥሩ ሰደዱት። «በርዷል» አሉ። ቲቸር ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ስለ ሙቀቱም አልጠየቁኝም» አሉ፤ ማንም አልሳቀም።

«ብሉ» አሉ እናትየው።

በልተን በሰላም እንለያያለን ያሉት ይኼው ነው ብዬ ማንኪያዬን አነሣሁ። ገንፎው በርዶም ቢሆን ይጣፍጣል፤ አንድ ጓል የለበትም። አክስቴ እንደ ጠላት ነው የምታየኝ። እሳቸው የቀኑን የመጀመሪያ እህላቸውን ረጋ ብለው በሉ፣ እጃቸውን ሊታጠቡ ጓዳ ገቡ፣ ከገቡም በኋላ ቆዩ። ክዳን ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማናል። ሲመለሱ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ «ልጄ ጋ ደውልልኝ» አሉኝ።

ደወልኩና ስፒከር ላይ አድርጌ ፊታቸው አስቀመጥኩላቸው። ልጅቷ ከመጥራቱ አነሣችው። «እማዬ! እንዴት ሆነ?»

«አገሩ ሩቅ ነው» አሏት። «አርባ ደቂቃ የሚሉት እንዲያው ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ የገባሁት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ገንፎዬም በርዷል።»

አክስቴ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«ስለዚህ ስትወልጂ ገንፎ ይዤልሽ አልመጣም» ብለው ቀጠሉ። «ወርሽ ሳይገባ ቀድሜ መጥቼ እዚሁ እቀመጣለሁ። ዱቄቱን ብቻ ይዤ እመጣለሁ። ምድጃቸውን አይቼዋለሁ፤ መጥፎ አይደለም።»

«እማዬ… እሺ አልሽ ማለት ነው?»

እናትየው ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣም ቀልድም አልነበረም።

«ልጁ ዝም ቢል ያገኝሽ ነበር» አሏት። «ዝም አላለም። እሺ ብያለሁ።»